ለአባቴ ጥርስ የተሠራው የጭቃ ቤት

ባለቤቴ በእጁ የሠራው ነገር በብዙ ሰው ዘንድ አለ። መስቀሉን ካህናት ይይዙታል፣ ቀለበቱን ሙሽሮች ያጠልቁታል፣ ጸናጽሉ በየደብሩ ይሰማል። እኔ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ከሥራው ሁሉ ስለሚያንሰው፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም ስለማይበልጠው ነገር ነው። ከሁሉ ይልቅ ያደከመው እሱ ነበርና።

ከቀበርነው ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። እጄ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም። ጥቂት መስመር ጽፌ ብርዑን አሳርፋለሁ፣ ወጥቼ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ አያለሁ፣ ደግሞ እመለሳለሁ። ሐዘንተኛ ሲያስብ ቶሎ የሚመጣበት የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ሳሉ፣ ላቡ፣ ውኃ ሲጠይቅ የነበረው ድምፅ። እኔ ግን፣ አምላክ ይመስገን፣ ከዚያ ማዶ የማስበው ብዙ ነገር ተትቶልኛል።

አባቴ በአንኮበር ቄስ ናቸው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ አስቆጠሩኝ፤ ዳዊትም አስደገሙኝ። ጎረቤት፣ «አባ፣ ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን ነው?» ሲላቸው፣ «ዳዊት የደገመች ሴት ትሆናለቻ!» ይሉ ነበር። እናቴ ቀድማ ስለሞተች እኔም እሳቸውም የምንነጋገረው እርስ በርሳችን ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ከወደ ደብረ ብርሃን የመጣ አንጥረኛ ነው። ብር ያቀልጣል፣ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ያለብሳል፣ በእሳት ያወጣል። እሱን ሳገባ፣ «የቄስ ልጅ ለጠይብ ተሰጠች» ተብሎ ብዙ ተወርቷል። የብረትና የብር ሠራተኛ ዓይን አለበት የሚል ወሬ በአገራችን አይጠፋም። አባቴ ይህን ለሚያወራ ሰው፣ «ታቦቱን በወርቅ የለበጠው ማን ነበር፣ ገበሬ ነው?» ብለው ይመልሱለት ነበር። ይሁን እንጂ ከልባቸው ጥግ አንዲት ትንሽ ፍርሃት ቀርታ ነበር መሰለኝ፣ ወደ ቤታችን እየመጡ ወደ ሥራ ቤቱ ግን አይገቡም። ደጁ ላይ ቆመው በመስቀላቸው ያማትቡና ይመለሳሉ። ባለቤቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ቅር ብሎት አላየሁም። «ደጁ ድረስ መጥተዋል፤ ጉዞው ግማሽ ሆኗል» ይለኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጭጋጋማ ጧት አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ድንጋይ አንሸራተታቸውና በአፋቸው ወደቁ። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው ወለቁ። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፤ ሰው ሁሉ «ተርፈዋል፣ ተመስገን» አለ። እኛም አልን። የጎደለውን የሰማነው እሳቸው ሊቀድሱ የገቡ ዕለት ነው።

እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። የአባቴ ድምፅ ከመቅደስ ሲወጣ ሁልጊዜ የማውቀው ድምፅ ነበር፤ ነገር ግን «መንፈስ» የሚለው ቃል ሲመጣ «ፈ»ም «ሰ»ም ቦታ አጡና በባዶው በኩል ፉጨት ሆነው አለፉ። «ቅዱስ» ሲሉም እንዲሁ። ከወጣቶቹ ዲያቆናት አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበርና እየሳቀ መሆኑን አወቅሁ። አባቴም ሳያውቁ አልቀሩም። ቅዳሴውን ጨርሰው ወደ ቤት ሲመለሱ አብሬያቸው ሄድሁ።

ደጃቸው ላይ ሲደርሱ፣ «ዛሬ የቀደሰው ነፋስ ነው» አሉኝ።

«አባ፣ ሰው እኮ ገብቶታል» አልኋቸው።

«ለሰው ብቻ የሚቀደስ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ቃሉን እያጎደልሁ ከመንበሩ ፊት አልቆምም።»

እንዳሉትም አደረጉ። በሚቀጥለው እሑድ ነጠላቸውን ተከናንበው በቅጥሩ ውስጥ ካለው ጥድ ሥር፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴን በቅዳሴ ሰዓት ከመቅደስ ውጭ አይቻቸው አላውቅም። ሰው መጥቶ መስቀል ሊሳለም ሲል አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። የደብሩ አለቃ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ «እስከ ሆሣዕና ሌላ ቄስ በሰሞንዎ ይግባልዎ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሰሞኑ ሌላ ሰው መመደብ አለብኝ፤ ደብር ያለ ቀዳሽ አይሆንም» አሏቸው። አባቴም «ይገባል» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ዐቢይ ጾም ገና መግባቱ ነበር።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። አንድ ቀን፣ የዕለቱ ጾም ተፈትቶ አባቴ ከእኛ ጋር ሽሮ እየቀመሱ ሳለ፣ በድንገት፣ «አባ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አላቸው።

«ምን ልታይ? ባዶ ቤት ነው።»

«ባዶ ቤት ሰው ይገባበታል።»

አባቴ ሳቁ፤ ሲስቁም አፋቸውን በእጃቸው ከለሉ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ከመሶቡ ራቅ አድርጎ ወደ ደጁ ብርሃን ወሰዳቸውና አገጫቸውን በጣቱ ከፍ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያም ነገራቸው፤ ሁለት ጥርስ በአንድነት ከብር ይሠራል፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ደህና ጥርሶች በቀጭን ቀለበት ያቅፋል፣ ከሥሩ ድዱ ላይ ይተኛል።

«ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ጥርስ ግን ከጸናጽል አይከብድም።»

በዚህ ተሳስቶ ነበር።

አባቴ ያለ አለቃው ፈቃድ ምንም ነገር ወደ አፋቸው አላስገባም ስላሉ ሁለቱ አብረው ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። አለቃው አንድም ጥርስ የላቸውም። ነገሩን ሰምተው፣ «ለእኔስ ሙሉውን ትሠራልኛለህ?» ብለው ቀለዱ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ብር በአፍ መኖሩ አያስከለክልም» አሉ። «የሚያስከለክለው ክፍተቱ ነው። የትናንት እህል ከሥሩ ተሸሽጎ ቢያድር፣ ጾም ሳይጾም ቀደሰ ይባላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ከቅዱስ ሥጋው ቅንጣት ከብሩና ከድዱ መካከል ቢቀር ማን ያወጣዋል? በኋላ በሽሮ ይዋጣል? እግዜር ያሳያችሁ።»

«ሲቀድሱ ቢያወልቁትስ?» አለ ባለቤቴ።

«ልጄ፣ ጥርሱ የተፈለገውማ ለቅዳሴው ነው!»

አለቃው የካባቸውን ጠርዝ እየዳሰሱ አሰቡ። «ከካባዬ አንድ የሐር ክር እመዛለሁ። ክሩ ከብሩ ሥር ካልገባ ባርኬ አስገባቸዋለሁ። ከገባ ግን በሠርግ ቤት ይሳቁበት እንጂ መቅደስ አይግቡበት።»

ስንመለስ ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ «የሐር ክር! የሐር ክር!» ይል ነበር። «ይህን ያህል ዘመን መስቀል ሠርቼ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ የለም።»

ሰሙን የገዛው ከአሊዩ አምባ ሰም ይዞ ከሚወጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ለመስቀል የሚሆነው ሰም ሞራ ቢቀላቀልበት ምንም አይደለም፤ የአባቴ አፍ ግን የጾም አፍ ነው፣ ሞራው ደግሞ የማን እርድ እንደሆነ ማን ያውቃል? ባለቤቴ ይህን ሲነግረው ነጋዴው ሳቀ። «ወላሂ፣ ሰም ለሚበላ ቄስ ሸጬ አላውቅም!» አለ። ከዚያ ግን የያዘውን ጆንያ ትቶ፣ በሚቀጥለው ገበያ ከቆላ ቀፎ የወጣ ንጹሕ ሰም ለብቻው በቅጠል ጠቅልሎ አመጣ። «ይህን እኔው ራሴ አነጠርሁት። ጿሚ የእኔም ወንድም ነው፤ ያንተን ቄስ ጾም በእኔ እጅ አላስገድፍም» አለ። እሱንም አመሰግነዋለሁ።

ባለቤቴ ሰሙን በሞቀ ውኃ አለስልሶ በአባቴ ድድ ላይ ተጭኖ አስቀመጠው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምራቃቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ትንፋሻቸውን በአፍንጫቸው እየሳቡ ተቀመጡ። ከዚያ የአንኮበርን ቀዝቃዛ ውኃ ከእንስራ ቀድቼ አፋቸውን ሞላሁት፤ ሰሙ ጠንክሮ ሳይጣመም ወጣ። «እንዴት ነው አባ?» ስላቸው፣ «ጧፍ የበላሁ አይጥ መሰልሁ» አሉ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ተደረገ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ።

ጥርሶቹን ለመቅረጽ መልክ ያስፈልግ ነበር። ባለቤቴ እኔን ደጁ ላይ አስቀምጦ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞረው። ጥርሷ የአባቷ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበርና፣ የእኔን እያየ የሳቸውን ሠራ። «ሳቂ» ይለኛል፣ እስቃለሁ። «አትሳቂ፣ ዝም ብለሽ አሳዪኝ» ይለኛል፣ ይብስ እስቃለሁ። በሥራው መካከል እንዲህ አትኩሮ ያየኝ ሌላ ቀን አልነበረም።

ሰሙን ያለበሰው እንደ ልማዱ ነው። ቀይ ጭቃና የፈረስ እበት አድቦልቡሎ ቤት ይሠራለታል፤ «ቤት» የሚለው እሱ ነበር፣ እኔም ለመድሁ። ቤቱ ይደርቃል፣ እሳት ይገባል፣ ሰሙ ይፈስሳል፣ ብሩ በባዶው ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ቤቱ ይሰበራል። የወጣው ብር ሲሞረድና ሲወለወል በጣም ያምር ነበር። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ባለቤቴ አስገባው፣ አልገባም። ቀለበቶቹ ደህናዎቹን ጥርሶች ማቀፍ አቃታቸው፤ ጠበቡ። ውስጡን ትንሽ ሞረደና እንደገና ሞከረው። በዚህ ጊዜ ገባ፣ ግን ይናጋል። የአለቃውን ክር አልጠበቅንም፤ የእኔ የጥጥ ፈትል ሳይቀር ከሥሩ ገባ።

ባለቤቴ ብሩን ወስዶ ከተረፈው ሰም ጎን አስቀመጠው። ጎን ለጎን ሲታዩ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ብሩ በሁሉም ወገን አንሶ የሰሙ ታናሽ ወንድም ይመስል ነበር።

«አየሽ?» አለኝ። «መስቀሎቼ ሁሉ ከሰማቸው አንሰው ሲወጡ ኖረዋል። መስቀል ጥቂት ቢያንስ ያው መስቀል ነው፤ ማንም አልለካኝም፣ እኔም አልለካሁም። ጥርስ ግን የሚገባበት ቤት አለው።»

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ ነው። ሽቦ አጥፎ ሁለት ጫፍ አወጣለት። ጣት የሚያካክሉ የጭቃ ቁራጮች ሠራ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሽቦው ጫፎች ልክ የሚገቡባቸው ሁለት ቀዳዳዎች በወስፌ ወጋ። የጭቃዎቹ ቅልቅል ግን የተለያየ ነበር። ደርቀው እሳት ገብተው ሲወጡ ሽቦውን የማስገባው እኔ ነበርሁ። ባዶው ጭቃ ብዙ ተኮማተረ፣ ሽቦው ፈጽሞ አልገባ አለ። እበት ያለበት ስንጥቅ አላወጣም፣ ነገር ግን እሱም ተኮማተረ። ባለቤቴ ሰብሮ ውስጡን አሳየኝ፤ እበቱ ተቃጥሎ ቦታው ባዶ ሲቀር ጭቃው ወደ ባዶው ይሰበሰባል። አመድ ያለበት ፈረሰ። አሮጌ የብር ማቅለጫ ሸክላ ደቁሶ በብዛት ያስገባበት ግን ሽቦውን ተቀበለ።

«አንድ ጊዜ እሳት ያየ ሁለተኛ አይደነግጥም» አለ፤ ደስ አለው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በዚያ ጭቃ አንድ ቀለበት ሠርቶ ሲለካው፣ አሁንም ከሰሙ በጥቂቱ አነሰ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የጭቃው ብቻ አለመሆኑን አወቀ፤ ብሩ ራሱ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። «ይህንማ የፈጠረው አምላክ ነው፤ ምን ላደርገው?» ብሎ እሳቱን አዳፈነ። አባቴ የዚያን ዕለት መጥተው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ፊቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ካልሆነ ይቅር። ከጥዱ ሥርም እግዚአብሔር አለ» አሉት። ባለቤቴ፣ «አለ፤ እርስዎ ግን መቅደስ ውስጥ ነው የሚያስፈልጉት» ብሎ መለሰላቸው።

ነገሩ የተገለጠው በባልጩት ነው። ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ገደል ዳር ነጭ ባልጩት ብዙ አለ፤ እሳት የሚመታበት ድንጋይ ነው። ጭቃው እሳት እንዲችልለት ብሎ ጥቂት ሰብስቦ መጣና ዓይኑን ወደ ወፍጮዬ ጣለ።

«እንዳታስበው!» አልሁት።

«ታዲያ በማን ወፍጮ ልፍጨው?»

«በጠላትህ!»

በአሮጌ የተሰበረ መጅ በትዕግሥት ደቆሰው፤ አቧራው ቅንድቡን ሁሉ አነጣው። ከተደቆሰው ሸክላ ጋር ቀላቅሎ እንደ ልማዱ ቁራጭ ሠራ። እሳት ውስጥ ቀይ ሆኖ ሳለ በጉጠት አወጣውና፣ ሳይቀዘቅዝ ሽቦውን እንዳስጠጋ ነገረኝ። አስጠጋሁ። የሽቦው ጫፎች ከቀዳዳዎቹ ውስጥ አልገቡም፤ እስከ አሁን እንደለመድሁት ሽቦው በልጦ ሳይሆን፣ በዚህ ጊዜ ቀዳዳዎቹ ከሽቦው ይልቅ ተራርቀው ነበር።

«ሰፍቷል!» ብዬ ጮህሁ። የነጠላዬ ጫፍ ሊቃጠል ነበር።

ባለቤቴ ቁራጩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያውስ ብሩ ሲበርደው የሚሰበሰበውን ያህል፣ ቤቱ ሲግል ቀድሞ ይስፋለት» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቱን ከእሳት አውጥቶ ትንሽ በረድ ካለ በኋላ ነበር ብር የሚያፈስሰው። አሁን ግን ቀይ እንደሆነ ሊያፈስስበት ወሰነ። ባልጩቱን አንዴ ጨምሮ አንዴ ቀንሶ፣ ቀለበት እየሠራ ከሰሙ ጋር እየለካ፣ ልኩን አገኘው።

የቀረውን ሰም በአዲሱ ጭቃ አለበሰና በሥራ ቤቱ መስኮት ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀመጠው። ሆሣዕና ተቃርቦ ነበር። ቤቱ ደህና ደርቋል ባልን ጊዜ፣ አንድ ቀን አብረን ከሰል ልንገዛ ወረድን። በማግስቱ ወናፉን እኔ እየነፋሁ እሱ ቤቱን እሳት ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። የሸክላ ስብርባሪ ግድግዳውን መታው፣ ፍሙ ተበተነ፣ ሰሙ በእሳቱ ላይ ነደደ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን እርስ በርሳችን ተያየን፤ ፀጉሬ በሙሉ አመድ ነበር።

ባለቤቴ አንዱን ስብርባሪ አንሥቶ ዳሰሰው። «እርጥብ ነው!» አለ። «ይህ ሁሉ ፀሐይ መትቶት እንዴት እርጥብ ይሆናል?»

በዚህ መካከል አባቴ ከደጅ ደረሱ። «ተሳካ? ወጣ?» አሉ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። ባለቤቴ ስብርባሪውን አሳያቸው። «እንዴት አይሳካም፤ ትናንት እናንተ ስትወጡ ገብቼ ባርኬዋለሁ እኮ!»

ባለቤቴ ቀና አለ። «አባ፣ ገብተው ነበር?»

«ገብቼ ነበር። ምነው?»

«በምን ባረኩት?»

«በጸበል ነዋ! በምን ልባርክ?»

«ትንሽ ረጩበት፣ ወይስ…»

«አንድ ቅል ሙሉ አፈሰስሁበት። በረከት ላይ ሰው ይቆጥባል እንዴ?»

ባለቤቴ መጀመሪያ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሳቁ አሸነፈውና ከነስብርባሪው ወለሉ ላይ ተንጋለለ። እኔም ሳቅሁ፤ ዕንባዬ በአመዱ ላይ መንገድ አወጣ። አባቴ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያዩ ነበር። እርጥብ ጭቃ እሳት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «ወየው! በገዛ እጄ ሰበርሁት!»

ባለቤቴ ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ። «አባ፣ ቤቱ ተሰበረ እንጂ በረከቱ አልተሰበረም፤ ከግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። ለሰሙ ግን እንግዲህ እንደገና አፍዎን ይክፈቱልኝ» አላቸው።

ሲቀልድ ልቡ እንዳልቀለለ አውቅ ነበር። ቀኑ አጥሯል፣ የተቀረጸ ሰም አልተረፈም፣ ጭቃው እንደገና መድረቅ አለበት። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ቤቱን ደፍ ያለ ፍርሃት ተሻገሩ። በየጧቱ ከጸሎት መልስ እየመጡ ከመስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዝንብ እንኳ እንዳያርፍበት ጭቃውን ይጠብቃሉ። «ዛሬ በቃል ብቻ ነው የምባርከው» ይላሉ። ባለቤቴ ወናፉን ሲነፋ እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ፤ «ሰ» ባለበት ሁሉ ያፏጫሉ፣ ግን ማንም የሚስቅ የለም። እኔ ከሁለቱ መካከል ሆኜ ከሰል አቀብላለሁ። በሕይወቴ ከነበሩኝ ደጋግ ቀኖች እነዚያን የሚበልጡ አላውቅም። ያን ጊዜም አውቄው ነበር፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ብሩ ቀይ በሆነው ቤት ውስጥ ሲፈስስ ድምፅ አላሰማም። ሲቀዘቅዝ ባለቤቴ ቤቱን በመዶሻ እያንኳኳ ሰበረው። የወጣውን ጥርስ ሞረድ እምብዛም አልነካውም፤ ፊቱን ብቻ ወለወለው። አባቴ በርጩማው ላይ እንዳሉ አፋቸውን ከፈቱ። ባለቤቴ በሁለት አውራ ጣቶቹ ወደ ላይ ገፋው። ጥቂት ተቃወመ፣ ከዚያ «ጠቅ» ብሎ ቦታውን ያዘ።

«ይናገሩ አባ።»

አባቴ በምላሳቸው ከኋላ ዳሰሱት፣ ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። «መጀመሪያ ክሩ» አሉ።

ወደ አለቃው ሄድን፤ እሳቸውም ከካባቸው ጠርዝ አንድ የሐር ክር መዘዙ። የአባቴን ከንፈር ከፍ አድርገው ከግራ ሞከሩ፣ አልገባም። ከቀኝ ሞከሩ፣ አልገባም። ዓይናቸው ስለደከመ እኔን ጠርተው ክሩን እንድይዝላቸው አደረጉ፤ እኔም ፈራሁ፣ ግን በሐቅ ሞከርሁ። ከሥሩ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወዲያና ወዲህ ስናደርገው ክሩ ተበጥሶ ቀረ።

«ካባዬን ጨረስህብኝ!» አሉ አለቃው ወደ ባለቤቴ ዞረው። ከዚያ አባቴን፣ «በሉ፣ ሆሣዕና የማን ሰሞን ነው?» አሏቸው።

«የእኔ» አሉ አባቴ። ያ ቃል «ሰ» የለበትም፤ እኔ ግን ድምፃቸውን ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በሆሣዕና ጧት ሰው ሁሉ ዘንባባ ይዞ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቆም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ወደ ፊት ገባ። አባቴ ሲቀድሱ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ በሥራ ቤቱ እንደሚያደርገው፣ ክፍተት እንዳለ እንደሚፈልግ ሰው ያዳምጥ ነበር። ቃላቱ አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ ወደ ሴቶች በኩል ዞሮ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በሰሞናቸው ሳይጎድሉ ቀደሱ። ባለቤቴም ያን ጭቃ ለመስቀልም ለቀለበትም ሠራበት፤ ሰው ቀለበት ሲያዝ «ልክህን ንገረኝ፣ አያንስም» ይል ነበር። ባለፈው ዓመት ሳል ያዘው። ጎረቤት፣ ከባልጩቱ አቧራ ነው ይላል። እኔ አላውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከከሰልና ከጭስ ጋር የኖረ ሰው ነበር። አባቴ ግን ይህን ወሬ ሰምተዋል።

ባረፈ ዕለት፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ፣ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ጣታቸው በአፋቸው ውስጥ ነበር።

«ላውልቀው» አሉኝ። «ከእሱ ጋር ይቀበር። የእኔ ጥርስ ነው የገደለው።»

እጃቸውን ያዝሁ። ሐዘኔ ገና አልጀመረኝም ነበር፤ ስለዚህ ድምፄ ጠንካራ ነበር። «አባ፣ አያውልቁት። በእሱ ይፍቱት» አልኋቸው።

ከዚያ ጣታቸውን አወጡ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወጡ። ፍትሐቱን እሳቸው መሩት። ቅጥሩ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን የመጡት ዘመዶቹ በሩቅ ቆመው ነበር። አባቴ የክርስትና ስሙን በጠሩ ቁጥር ከሩቅ የቆሙትም ሰሙት፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። ስሙ እንዲህ ተጠርቶ ነው ወደ መቃብር የወረደው። ተመስገን።